የደረቀ የመኪና ወንበር ቆዳን መልሶ ማልፋት፦ ለሐርላና ለአካባቢው የአየር ጠባይ የሚስማማ አሠራር

አኅጽሮተ ጥናት

ዕድሜ የጠገቡ መኪኖች የቆዳ ወንበር ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ሁለት እርምጃዎች ቀድመው ይታሰባሉ፤ አንዱ ቅባት መቀባት፣ ሌላው ልብሱን ቀዶ መጣል ነው። ይህ አጭር ጥናት ሁለቱም ከምርመራ በፊት ሊወሰኑ እንደማይገባ ያሳያል። የድርቀት መንስኤ ሦስት ነው፤ ቆዳው እርጥበቱንና ቅባቱን አጥቶ ይሆናል፣ ቃጫው በኬሚካል ፈርሶ ይሆናል፣ ወይም ከመነሻው ቆዳ ሳይሆን ፕላስቲክ ይሆናል። በቅባት የሚመለሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ጽሑፉ ሦስቱን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችሉ ቀላል መንገዶችን፣ በአካባቢው የሚገኙ ቅባቶችን ጠባይ፣ እንዲሁም በድሬዳዋና በሐረር መካከል ላለው ሞቃት አየር የሚስማማ የሥራ ቅደም ተከተል ያቀርባል።

መግቢያ

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል የምትገኝ መንደር ናት። ስሟ ይበልጥ የሚነሣው በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ግኝት የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድን፣ ከሩቅ አገር የመጡ የመስታወት ዕቃዎችንና የጌጥ ሥራ ቅሪቶችን አካትቷል። ከአፈር የወጣን ዕቃ የሚጠብቁ ባለሙያዎች ከሚመሩባቸው ደንቦች የመጀመሪያው፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራና ምን እንደጎዳው ሳይታወቅ ምንም ነገር እንዳይቀባ የሚያዝዘው ነው። ይህ ደንብ የሚጠቅመው ለሺህ ዓመት ቅርስ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ለሚቀመጡበት አሮጌ የመኪና ወንበርም ይሠራል።

አካባቢው ለዚህ ጉዳይ ተገቢ የጥናት መስክ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሐረር በፔጆ 404 ታክሲዎቿ ትታወቃለች። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበ፣ ቅርጹን ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፈው የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ የቤት መኪናው ዓይነት በፈረንሳይ መመረቱ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ከሚታዩት ብዙዎቹ ግማሽ ክፍለ ዘመን የተሻገሩ ናቸው። የሞተር ዕቃ ከሌላ መኪና ተፈትቶ ይገጠማል፤ የብረት አካል ይበየዳል፤ ከፋብሪካው ጋር አብሮ የመጣ የወንበር ቆዳ ግን አንዴ ከጠፋ በምትኩ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ሃምሳ ዓመት የቆየውን ቆዳ በአንድ ከሰዓት የተሳሳተ ሥራ ማበላሸት ደግሞ ይቻላል።

ቆዳ ለምን ይለሰልሳል፣ ለምንስ ይደርቃል

በአማርኛ ጥሬውን የእንስሳ ቆዳ ለአገልግሎት ማብቃት «ማልፋት» ይባላል። ቃሉ መድከምንም መለስለስንም በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ ቆዳ የሚለፋው እየታሸ፣ እየተረገጠ፣ እየተጎተተ ነውና። ሳይንሱም ከቃሉ ጋር ይስማማል። ቆዳ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ቃጫዎች ስብስብ ነው። ቃጫዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ቆዳው ይተጣጠፋል፤ ሲጣበቁ እንደ ጣውላ ይገትራል። እንዲንሸራተቱ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች በቃጫው ውስጥ የሚቀረው ውኃና በፋብሪካ ውስጥ የሚገባለት ቅባት ናቸው።

ይህን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየው ብራና ነው። ብራናም የወንበር ቆዳም ከአንድ ፍየል ሊወጡ ይችላሉ። ብራናው ግን ማልፊያ ሳይገባበት ተወጥሮ ስለሚደርቅ ቃጫው በተወጠረበት ይጣበቃል፤ ለጽሕፈት የሚመች ጠንካራ ገጽ የሚሰጠውም ይኸው ነው። ኮርቻ፣ አገልግልና ጠፍር የሚሠራበት ቆዳ ደግሞ ቃጫው ተላቅቆ እንዲቆይ የታሸና ቅባት የጠጣ ነው። የደረቀ የመኪና ወንበር ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ጠባይ የተጠጋ ቆዳ ነው ማለት ይቻላል።

በአንጻራዊ እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ የተቀመጠ ቆዳ ከክብደቱ ከ12 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ውኃ ይይዛል። አየሩ ሲደርቅ ይህን ውኃ ይለቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መኪና ከቆላው ደረቅ ሙቀት ወደ ደጋው ቀዝቃዛ አየር በአንድ ቀን ደጋግሞ ይሻገራል። ቆዳው በእያንዳንዱ ጉዞ ጥቂት ይጠብባል፣ ጥቂት ይላላል። በስፌትና በመታጠፊያ ላይ የሚጀምረው ስንጥቅ የዚህ ድግግሞሽ ውጤት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በፀሐይ ላይ መቆም ነው። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው አየር በአንድ ሰዓት ጊዜ ከውጭው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ገጽ ደግሞ ከአየሩም ይበልጥ ይግላል። ውጭው 35 ዲግሪ በሆነበት የድሬዳዋ ቀን የወንበሩ ገጽ ከ60 ዲግሪ ማለፉ አያስደንቅም።

ይህ ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ከቆዳ የመኮማተሪያ ሙቀት ጋር ሲነጻጸር ነው። እርጥብ ቆዳ በተወሰነ ሙቀት ላይ ቃጫው ተሰብስቦ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ማልፊያ ያልገባበት ቆዳ በ60 ዲግሪ ገደማ፣ በዛፍ ልጣጭና በመሳሰሉት ዕፅዋት የለፋ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ፣ በክሮም የለፋ ደግሞ በ100 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ይኮማተራል። አርጅቶ የተጎዳ ቆዳ የመኮማተሪያ ሙቀቱ ከአዲሱ በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌ ወንበርን አርጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቆዳውን ከመቀቀል አይለይም። የዚህ ጥናት ዋና ማስጠንቀቂያም ይኸው ነው።

ከሥራ በፊት የሚደረግ ምርመራ

የመጀመሪያው ጥያቄ ወንበሩ በእርግጥ ቆዳ ነው ወይ የሚለው ነው። በዚያ ዘመን የወጡ መኪኖች እንደ ዓይነታቸው በጨርቅ፣ በሰው ሠራሽ ቆዳ ወይም በእውነተኛ ቆዳ ይለበሱ ነበር። ለመለየት የሚያስተማምነው መንገድ ከወንበሩ ሥር የተቆለመመውን ጠርዝ ገልጦ ጀርባውን ማየት ነው። እውነተኛ ቆዳ ጀርባው ሻካራ፣ ቃጫ ቃጫ የሚል ነው። ሰው ሠራሹ ጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ የፊቱም ቀዳዳ መሰል ነጠብጣብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ይታያል። ቁራጭ አቃጥሎ በሽታው መለየት የተለመደ ቢሆንም፣ ከዚህ ዓይነቱ ፕላስቲክ የሚወጣው ጭስ ሳንባን የሚጎዳ አሲድ ስላለበት አይመከርም።

ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚደርቀው በሌላ ምክንያት ነው። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል በሙቀት ቀስ በቀስ ተንኖ ይወጣል፤ ይህ ኬሚካል በፋብሪካ ውስጥ ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሐደ ስለነበር ከላይ በሚቀባ ዘይት አይተካም። ለዚህ ወንበር የሚሻለው ማጽዳት፣ ከፀሐይ መከለልና ሲሰነጠቅ ልብሱን መለወጥ ነው። ቅቤና ዘይት በላዩ ላይ ማፍሰስ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ፋይዳ የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቆዳው ደርቋል ወይስ ፈርሷል የሚለው ነው። በነጭ ጨርቅ ጀርባውን ቀስ ብሎ ሲጠርጉ ቀይ ቡናማ ዱቄት ከወጣ፣ ቃጫው በአሲድ መበላቱን ያመለክታል። ይህ ጉዳት በይበልጥ በዕፅዋት የለፋ ቆዳን የሚያጠቃ ሲሆን በድሮ መጻሕፍት ሽፋን ላይም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ቆዳ ውኃ ሲነካው ይጠቁራል፣ ይጠጥራልም፤ ዘይትም አያድነውም። የመጻሕፍት ጥገና ባለሙያዎች ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የተባለውን ማያያዣ በአልኮል በጥብጠው ዱቄቱን ያረጋጋሉ። ይህ ግን ለማየት የሚቀመጥን ዕቃ ያቆያል እንጂ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር አያጠነክርም።

ሦስተኛው ጥያቄ ቆዳው ከላይ ምን ተቀብቷል የሚለው ነው። አንድ ጠብታ ውኃ በማይታይ ቦታ ላይ ይደረጋል። ጠብታው በደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ገጹ ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፤ ከላይ የሚቀባውን ይቀበላል። ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ ገጹ በቀለምና በላከር ተሸፍኗል፤ ቅባት ከላይ አይገባም። የተቆረጠ ጠርዝ ቀለምም ይረዳል፤ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላ መሐል የክሮም፣ ቡናማ መሐል የዕፅዋት ልፋት ምልክት ነው። ይሁን እንጂ እስከ ውስጡ የተነከረ ቆዳ ይህን ምልክት ሊሰውር ይችላል።

የቅባት ምርጫ

ቅቤ ለቁርበትና ለጠፍር ሲያገለግል የኖረ ቢሆንም ለመኪና ወንበር አይስማማም። በሙቀት ይቀልጣል፣ ቆይቶ ይበላሻል፣ ሽታው ይከረፋል፤ ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ ነጭ ሰም መስሎ በገጹ ላይ ይወጣል፤ ልብስም ያበላሻል።

የኑግና የተልባ ዘይት ይብስ ጎጂ ናቸው። ሁለቱም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው የሚጠነክሩ ዘይቶች ናቸው፤ ተልባ ለቀለም ቅብ የሚፈለገው በዚሁ ጠባዩ ነው። በቆዳ ውስጥ ሲገቡ ለጥቂት ሳምንት ያለሰልሳሉ፤ ከዚያ ሙጫ ሆነው ቃጫውን ያጣብቃሉ። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለም በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የጉሎ ዘይት ከእነዚህ ይለያል። አይደርቅም፣ በቀላሉም አይበላሽም። ችግሩ መወፈሩ ነው፤ በብዛት ከተቀባ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ለብ ተደርጎ፣ በስሱ፣ በቆዳው ጀርባ በኩል ከተሰጠ ግን ከአገር ውስጥ ቅባቶች ተመራጭ ነው። ከበግ ጠጉር የሚገኘው ላኖሊን እና ከከብት እግር አጥንት የሚወጣው ዘይትም ለዚህ ሥራ በሰፊው ይታወቃሉ፤ ኋለኛው ቆዳውን ሊያጠቁር ስለሚችል አስቀድሞ በድብቅ ቦታ ይሞከራል።

የመጠኑ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። 1 ሜትር ካሬ ስፋትና 1.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ወደ 800 ግራም ይመዝናል። ከክብደቱ 5 በመቶ ቅባት እንዲያገኝ ቢፈለግ የሚያስፈልገው 40 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ግማሽ ሊትር ማፍሰስ ቆዳውን አያጠግብም፤ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅና ክር ያበሰብሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ልብሱ ከወንበሩ መውጣት ከቻለ ሥራው ይሻላል፤ ጀርባው ክፍት ይሆናልና። ክሩ ከበሰበሰ አይጎተትም፣ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም የነበረበት ቦታ ይጻፍበታል።

መጀመሪያ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያ በጥቂት ለስላሳ ሳሙና በተነካካና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጸዳል። የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና አይነኩትም፤ ቆዳ በጠባዩ አሲዳማ ሲሆን እነዚህ አልካላይ ናቸው፣ ልፋቱንም ያላቅቃሉ። ቤንዚንና ናፍጣም የቀረውን ቅባት አጥበው ስለሚያወጡ አይፈቀዱም።

ሁለተኛው ደረጃ እርጥበትን መመለስ ነው። ቆዳው በውኃ አይነከርም። በሽቦ ወንፊት ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ቆዳውን የማይነካ እርጥብ ጨርቅ ይደረጋል፤ በላዩ ላስቲክ ይከደንበታል። በጥላ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ሻጋታ ይይዘዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ማልፋት ነው። እርጥበት የጠጣው ቆዳ በትልቅ ድቡልቡል እንጨት ላይ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ በዝግታ ይተጣጠፋል። ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ከታጠፈ የላይኛው ስስ ሽፋን ይወጠርና ይሰነጠቃል። ቆዳው እየላላ ሲሄድ ቀጭን እንጨት ይተካል። የሚንቋቋ ድምፅ ከተሰማ ቃጫ እየተበጠሰ ነውና ሥራው ቆሞ ቆዳው ወደ እርጥበቱ ይመለሳል።

አራተኛው ደረጃ ቅባቱ ነው፤ የሚቀባውም ቆዳው ገና ጥቂት እርጥበት ሳለው ነው። ውኃው ሲወጣ ቅባቱ በቦታው ይገባል፤ ፈጽሞ በደረቀ ቆዳ ላይ ግን ቃጫው ስለተጣበቀ መግቢያ አያገኝም። ከጠቅላላው መጠን ሲሶው በጀርባው ይቀባል፤ 24 ሰዓት በጥላ ይቆያል፤ ዳግም ይታሻል፤ ከዚያ ሁለተኛውና ካስፈለገ ሦስተኛው ይከተላል። የተረፈው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ቆዳው ሲለሰልስ ሥራው ይቆማል፤ መጠኑን መጨረስ ግዴታ አይደለም።

ልብሱ ከወንበሩ መውጣት ካልቻለና ገጹ በላከር የተሸፈነ ከሆነ፣ ቅባት የሚገባው በስንጥቆቹና በስፌቱ ዳር ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ከፊል ለውጥ ብቻ መጠበቅ ይገባል።

የተሰነጠቀ ቦታ ከላይ በሙጫ አይሞላም። በስሱ የተፋቀ ለስላሳ ቆዳ ከጀርባው በማይገትር ሙጫ ይለጠፋል፤ ቀለም የሚነካውም ስንጥቁ ብቻ ነው። አዲስ ስፌት በተቻለ መጠን በድሮው ቀዳዳ ይሄዳል፤ አዲስ ቀዳዳ በአሮጌ ቆዳ ላይ እንደ ወረቀት መቅደጃ መስመር ይሆናልና።

የሥራ ወቅትና ጥበቃ

በአካባቢው ዝናብ በይበልጥ የሚገኘው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እንደገናም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። አየሩ ራሱ እርጥበት ስለሚሰጥ ሥራው በእነዚህ ወራት ይቀናል፤ የሻጋታ ቁጥጥር ግን ይጠብቃል። ሙቀቱ በሚበረታባቸው በግንቦትና በሰኔ መጀመር አይመከርም። ከድሬዳዋ ከፍ ብሎ ወደ ደጋው መንገድ ላይ ያለ እንደ ሐርላ ያለ ስፍራ ከከተማው ሜዳ ይልቅ ለጥላ ሥራ ይመቻል።

ከጥገና በኋላ ትልቁ መድኃኒት ጥላ ነው። መኪናው በዛፍ ወይም በዳስ ሥር ሲቆም፣ ካልሆነም ወንበሩ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ሲሸፈን፣ ጥገናው ዕድሜ ያገኛል። ላስቲክ መሸፈኛ እርጥበት አፍኖ ላብ ስለሚያጠራቅም አይመረጥም። ቅባት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ጠብታው ሲሰርግ ብቻ ይደገማል።

ማጠቃለያ

የወንበር ቆዳ መድረቅ አንድ በሽታ ሳይሆን የሦስት የተለያዩ ነገሮች ምልክት ነው። ፕላስቲኩን ዘይት አይመልሰውም፤ የፈረሰውን ቆዳም እንዲሁ። እርጥበቱንና ቅባቱን ያጣው ግን በዝግታ እርጥበት፣ በእጅ ሥራና በጥቂት ቅባት ይመለሳል። ከሦስቱ ቅባት የመጨረሻውና ትንሹ ነው፤ ዋናውን ድርሻ የሚይዘው ቃጫን ከቃጫ የሚያላቅቀው የእጅ ሥራ ነው። የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎች ልብሱን ቀደው ከመጣላቸው በፊት ጠርዙን ገልጠው ቢያዩ፣ በነጭ ጨርቅ ቢጠርጉና አንድ ጠብታ ውኃ ቢያንጠባጥቡ፣ ሊድን የሚችለውን ከማይድነው በጥቂት ደቂቃ ይለያሉ። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ዕቃ ከእያንዳንዱ ሠርቶ አዳሪ እጅ አይጠፋም።